ስክሪን ሲጠፋ የሚጠፋው ቦታ፦ ስልክ ኃይል እየቆጠበ ቦታውን መለካት

ማይል_ቆጣሪው
ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ጭነት መኪና ውስጥ በሚቀመጥ አንድሮይድ ስልክ ላይ ስለሚሠራ የጉዞ መከታተያ መተግበሪያ ነው። የሚፈለገው መኪናው ሲንቀሳቀስ በየ30 ሰከንዱ፣ ሲቆም ደግሞ በየ15 ደቂቃው አንድ ነጥብ መመዝገብ ነው። ባትሪው 4000 ሚሊአምፔር ሰዓት ሲሆን 5 ቀን መቆየት አለበት። ስለዚህ ስልኩ በአማካይ ከ33 ሚሊአምፔር በላይ መሳብ አይችልም።

የሚታየው ችግር ይህ ነው፦

ስክሪኑ በርቶ ሁሉም ትክክል ነው። ስክሪኑ ጠፍቶ መኪናው እየሄደም ብዙ አይከፋም። መኪናው አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ቆሞ ሲነሣ ግን የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ይጎድላሉ፤ ካርታው ላይ መስመሩ ቤት አቋርጦ ይዘላል። በቆመበት ጊዜም በየ15 ደቂቃው መምጣት ያለበት ነጥብ አንዳንዴ ከሰዓት በላይ ይዘገያል። ቻርጀር ላይ ሲሰካ ከችግሩ አንዱም አይታይም። ዌክሎክ (ፕሮሰሰሩ እንዳይተኛ የሚይዘው ትእዛዝ) ተጨምሯል፣ ለውጥ የለም። ማንቂያው ተራው የሲስተሙ አላርም ነው። ስልኮቹ ከአንድሮይድ 9 እስከ 14 ናቸው።

የት ላይ ነው መስተካከል ያለበት?

ሩቅ_ምልክት
ቻርጀር ላይ አለመታየቱ ትልቅ ፍንጭ ነው፤ ግን ወደ መፍትሔ ከመሮጥህ በፊት ክፍተቱ የተፈጠረበትን ቦታ ለይ። አንድ ነጥብ እንዲጎድል የሚያደርጉ ሦስት የተለያዩ ነገሮች አሉ፣ ካርታ ላይ ግን ሦስቱም አንድ ዓይነት ሆነው ይታያሉ።

የመጀመሪያው መተግበሪያህ ጨርሶ አልነቃም፤ ጥያቄም አላቀረበም። ሁለተኛው ጥያቄው ቀርቧል፣ ነገር ግን ሲስተሙ ወይ አዘግይቶታል ወይ የሳተላይት መቀበያውን አላበራም። ሦስተኛው መቀበያው በርቷል፣ ሳተላይት እየፈለገ ነው፣ ገና አልያዘም። ለመጀመሪያው መድኃኒት የሆነው ለሦስተኛው ምንም አይረባም፤ ባትሪ ብቻ ይጨርሳል።

ለመለየት ሎግህ ላይ በእያንዳንዱ ረድፍ እነዚህን ጻፍ፦ ቦታው የተለካበት ጊዜ፣ መተግበሪያህ የተቀበለበት ጊዜ፣ የትክክለኛነት ራዲየስ፣ ለስሌቱ የዋሉ ሳተላይቶች ብዛት፣ አማካይ የምልክት ጥንካሬ፣ የስክሪን ሁኔታ፣ ስልኩ ዶዝ (ሲስተሙ ያልተነካን ስልክ የሚያስተኛበት ኃይል ቆጣቢ ሁኔታ) ውስጥ መሆን አለመሆኑ፣ የባትሪ ቆጣቢ ሁነታ፣ መተግበሪያህ ያለበት የስታንድባይ ምድብ (ሲስተሙ መተግበሪያን በአጠቃቀሙ መጠን የሚመድብበት ደረጃ)፣ ቻርጅ ላይ መሆን አለመሆኑ። ሁለቱን ጊዜዎች ስልኩ ከበራ ጀምሮ በሚቆጥረው ሰዓት መዝግባቸው እንጂ በግድግዳው ሰዓት (ስክሪኑ ላይ በሚታየው የቀን ሰዓት) አይሁን። የግድግዳው ሰዓት ከኔትዎርክ ሲስተካከል ወደፊትም ወደኋላም ይዘላል፤ ያኔ የነጥብህ ዕድሜ ኔጌቲቭ ሆኖ ታገኘዋለህ።

ከዚያ ንባቡ ቀላል ነው። ረድፉ ራሱ ከሌለ አልነቃህም። ረድፉ ኖሮ የተለካበትና የተቀበልክበት ጊዜ በብዙ ከተራራቀ የቆየ ነጥብ ተሰጥቶሃል። ጥያቄው ተመዝግቦ መልሱ ከ30 ሰከንድ በላይ ከዘገየ፣ የሳተላይቶቹም ብዛት ከዜሮ ቀስ እያለ የሚጨምር ከሆነ፣ ችግሩ መቀበያው ጋ ነው።

ጥልቅ_እንቅልፍ
ከላይ በተባለው እስማማለሁ። ከጽሑፉ ግን አንዱ ከወዲሁ ይታወቃል፦ ዶዝ ነው።

ዶዝ በአንድሮይድ 6.0 በ2015 ገባ። ስልኩ ቻርጅ ላይ ካልሆነ፣ ስክሪኑ ከጠፋና ለተወሰነ ጊዜ ካልተንቀሳቀሰ ወደ ጥልቁ ደረጃ ይገባል። ከአንድሮይድ 7.0 ጀምሮ ደግሞ ስልኩ እየተንቀሳቀሰም ስክሪኑ ከጠፋ የሚሠራ ቀለል ያለ ደረጃ ተጨመረ። በጥልቁ ደረጃ ኔትዎርክ ይዘጋል፣ ዌክሎክ ችላ ይባላል፣ ተራ አላርሞች ወደሚቀጥለው የጥገና መስኮት (ሲስተሙ ለአጭር ጊዜ ወደሚነቃበት ሰዓት) ይገፋሉ፣ የዋይፋይ ፍተሻ ይቆማል። የጥገና መስኮቶቹም ስልኩ በቆየ ቁጥር እየተራራቁ ይሄዳሉ። የ15 ደቂቃው ነጥብህ ከሰዓት በላይ የሚዘገየው በዚህ ነው፤ ዌክሎኩ ያልረዳውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በዶዝ ውስጥም እንዲሠራ የተፈቀደ የአላርም ዓይነት አለ፤ ለአንድ መተግበሪያ በ9 ደቂቃ ከአንድ ጊዜ በላይ አይተኮስም። ላንተ 15 ደቂቃ ስለሆነ በደንብ ይበቃሃል። የሰዓቱን ልክነት የሚያረጋግጠውን ዓይነት አትጠቀም፤ እሱ ከአንድሮይድ 12 ጀምሮ የተለየ ፈቃድ ይፈልጋል፣ በ14 ደግሞ ለአዲስ ተጫኝ መተግበሪያዎች ፈቃዱ በነባሪ ዝግ ነው። ለቆመ መኪና ነጥቡ ሁለት ደቂቃ ቢያዛንፍ የሚጎዳ ነገር የለም።

ቀጥታ_መንገድ
ይህ ሁሉ ለምን? ተጠቃሚው መተግበሪያውን ከባትሪ ማመቻቻ ዝርዝር ያውጣው፣ አለቀ።

ጥልቅ_እንቅልፍ
@ቀጥታ_መንገድ አላለቀም። ከዝርዝሩ የወጣ መተግበሪያ በዶዝ ውስጥ ኔትዎርክ መጠቀምና ፕሮሰሰሩን የሚያነቃውን ከፊል ዌክሎክ መያዝ ይችላል፣ ልክ ነህ። ተራ አላርሞቹ ግን አሁንም ይዘገያሉ። የማይል_ቆጣሪው መተግበሪያ የሚነቃው በተራ አላርም ስለሆነ ከዝርዝሩ ወጥቶም እንደተኛ ይቀራል። ነፃ መውጣቱን የምደግፈው ነጥቡን ወዲያው ወደ ሰርቨር መላክ ግዴታ ሲሆን ብቻ ነው። ነጥቡ ስልኩ ላይ ተቀምጦ በኋላ ቢላክ ችግር ከሌለ አያስፈልግም።

ሌላው፣ ከበስተጀርባ ሆኖ ቦታ መጠየቅ ከአንድሮይድ 8.0 ጀምሮ በሰዓት ጥቂት ጊዜ ብቻ እንዲመለስ ተገድቧል። ያለ ፎርግራውንድ ሰርቪስ (ማሳወቂያ እያሳየ ሳይቋረጥ የሚሠራ አገልግሎት) በየ30 ሰከንዱ ነጥብ ማግኘት አይታሰብም። ሰርቪሱ ማኒፌስቱ (የመተግበሪያው መግለጫ ፋይል) ላይ ዓይነቱ «ቦታ» ተብሎ መገለጽ አለበት፤ ከአንድሮይድ 14 ጀምሮ ለዚያ ዓይነት ራሱን የቻለ ፈቃድም ይጠየቃል። ከ12 ጀምሮ ደግሞ ሰርቪሱን ከበስተጀርባ ማስነሣት በአብዛኛው ተከልክሏል። ስለዚህ ጉዞው ሲጀመር ለማስነሣት ካሰብህ ከተፈቀዱት ልዩ ሁኔታዎች አንዱን መጠቀም አለብህ፤ የጂኦፌንስ (ካርታ ላይ ከተከለለ ክልል የመግባትና የመውጣት) ወይም የእንቅስቃሴ ዓይነት ለውጥ ክስተት ከነዚያ ውስጥ ናቸው። በዚህ መንገድ ሲነሣ ቦታ ለማግኘት «ሁልጊዜ ፍቀድ» የሚለው ፈቃድ መሰጠቱን አትርሳ።

ማይል_ቆጣሪው
በጣም አመሰግናለሁ። በሩቅ_ምልክት ዝርዝር መሠረት ሎጉ ተስተካክሎ ሁለት ነገር አሳየ።

አንድ፦ ሌሊቱን የቆመ መኪና ጠዋት ሲነሣ ጥያቄው በጊዜው ይቀርባል፣ የመጀመሪያው ነጥብ ግን እስከ 50 ሰከንድ ይዘገያል። ለአንድ ሰዓት ብቻ ቆሞ የተነሣው በጥቂት ሰከንድ ያገኛል። ጂኦፌንስ ሲሞከር ደግሞ የመውጣቱ ክስተት ራሱ ደቂቃዎች ዘግይቶ ይመጣል።

ሁለት፦ አንድሮይድ 12ና ከዚያ በላይ ባላቸው ስልኮች ላይ፣ ሰርቪሱ እየሠራ መኪናው ሲቆም፣ ነጥቡ እስከ መጨረሻዋ አሃዝ ድረስ አንድ ዓይነት ሆኖ ይደጋገማል፤ ጊዜው ግን አዲስ ነው። እውነተኛ ልኬት እንዲህ ሊሆን ይችላል?

ባለ_አንቴና
የመጀመሪያውን እኔ ልመልስ።

መቀበያው ቦታ ለማስላት የእያንዳንዱን ሳተላይት ምህዋር በትክክል የሚገልጸውን መረጃ፣ ኤፌመሪስ የሚባለውን፣ ማወቅ አለበት። ጂፒኤስ ይህን መረጃ የሚያሰራጨው በሰከንድ 50 ቢት ነው። አንድ ሙሉ ፍሬም 30 ሰከንድ ይወስዳል፤ ከዚያ ውስጥ የሰዓት እርማቱና ኤፌመሪሱ 18 ሰከንዱን ይይዛሉ። መረጃው ለ4 ሰዓት ገደማ ያገለግላል። አንድ ሰዓት የቆመው መኪና የያዘው ኤፌመሪስ ገና ስላላረጀ በጥቂት ሰከንድ ቦታውን ያገኛል። ሌሊቱን ያደረው ግን ከዜሮ ማንበብ ይጀምራል፤ ፍሬሙን ከመካከሉ ከያዘውና ምልክቱ በድልድይ ወይም በዛፍ ከተቋረጠበት ደግሞ የሚቀጥለውን ዙር ይጠብቃል። 50 ሰከንድህ ከዚህ ነው የመጣው።

ምልክቱ ሲደክም ነገሩ ይብሳል። መቀበያ የያዘውን ሳተላይት በደካማ ምልክትም መከተል ይችላል፤ ቢቶቹን ያለ ስሕተት ለማንበብ ግን በግምት 27 ዲቢ ኸርዝ (የምልክት ጥንካሬ መለኪያ) እና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ስልኩ ዳሽቦርድ ሳጥን ውስጥ ከተቀመጠ ሳተላይት «ይታያል» ግን ቦታ አይወጣም። ሎግህ ላይ ብዙ ሳተላይት በ20ዎቹ መጀመሪያ ጥንካሬ ተይዞ ለስሌት የዋለው ዜሮ ሆኖ ካየህ፣ ስልኩን ወደ መስታወቱ አጠገብ ማስጠጋት ከማንኛውም የኮድ ለውጥ ይበልጣል።

በተለምዶ ኤፌመሪሱን ከሳተላይቱ ከመጠበቅ በኢንተርኔት ማምጣት ይቻላል፤ የታገዘ ጂፒኤስ የሚባለው ነው። ዶዝ ውስጥ ግን ኔትዎርክ ዝግ ነው። ስልኩ ከዶዝ ሳይወጣ መቀበያው ከተጠየቀ እርዳታው ላይደርሰው ይችላል።

መፍትሔው ሁለት ነው። ከኤፌመሪሱ ዕድሜ ባጠረ ጊዜ፣ በየ2 ሰዓቱ ብንል፣ ከ15 ደቂቃዎቹ ነጥቦች አንዱን 40 ሰከንድ ያህል ክፍት አድርገህ ተወው፤ መቀበያው በእርግጥ በርቶ እስከቆየ ድረስ የሚታዩት ሳተላይቶች መረጃ ይታደሳል። ወይም ለብዙ ቀን አስቀድሞ የተተነበየውን የምህዋር ፋይል ስልኩ የሚደግፍ ከሆነ፣ በጥገና መስኮቱ ወይም ቻርጅ ላይ ሳለ እንዲያወርድ አድርግ።

ለጉዞ መነሻ ደግሞ ጂኦፌንስን አትጠብቅ። ስልኩ ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ ከቆየ የጂኦፌንስ ክስተት እስከ 6 ደቂቃ ሊዘገይ ይችላል። ጉልህ እንቅስቃሴን የሚያውቀው ሴንሰር ፕሮሰሰሩ ተኝቶም ይሠራል፣ ሲያውቅም ያነቃዋል፤ የሚስበው ኃይልም ኢምንት ነው። አንድ ጊዜ ተኩሶ ራሱን ስለሚያጠፋ ከእያንዳንዱ ክስተት በኋላ እንደገና መመዝገብ አለበት። ይህ ስለሚዘነጋ ብዙ መተግበሪያ የመጀመሪያውን ጉዞ ይይዝና ሁለተኛውን ያመልጠዋል።

ሩቅ_ምልክት
ሁለተኛው ጥያቄ፦ እውነተኛ የሳተላይት ልኬት እስከ መጨረሻዋ አሃዝ አይደጋገምም፤ የቆመ ስልክም ቢሆን ሜትሮች ያህል ይዋልላል። ያየኸው ከአንድሮይድ 12 ጀምሮ ሲስተሙ ውስጥ ያለ ነገር ነው፦ ስልኩ ዶዝ ውስጥ ከሆነና የእንቅስቃሴ ሴንሰሩ «አልተንቀሳቀሰም» ካለ፣ ሲስተሙ መቀበያውን አጥፍቶ የመጨረሻውን ነጥብ በአዲስ የጊዜ ማህተም እየደጋገመ ይሰጥሃል። ለባትሪ መልካም ነው፣ ለመረጃህም አይጎዳም፣ እስካወቅኸው ድረስ። የሚጎዳው ድግግሞሹን «መቀበያው ይሠራ ነበር» ለሚል ማስረጃ ስትጠቀምበት ነው። ስለዚህ ሎጉ ላይ ኬክሮሱም ኬንትሮሱም ከበፊቱ ጋር ፍጹም እኩል የሆነን ነጥብ «የተደገመ» ብለህ ምልክት አድርግበት።

ስለ ትክክለኛነት ራዲየስም አንድ ነገር። አንድሮይድ የሚሰጠው ራዲየስ የ68 በመቶ ነው። 10 ሜትር ሲልህ ከሦስቱ አንዱ ነጥብ ከ10 ሜትር ውጭ ሊወድቅ ይችላል ማለት ነው። የቆመ መኪና ነጥቦችን እየደመርህ ርቀት ብታሰላ ውዝዋዜው ኪሎሜትር ይሆንብሃል። መንቀሳቀሱን በሁለት ነጥቦች ልዩነት አትወስን፤ ከነጥቡ ጋር የሚመጣውን ፍጥነት ተጠቀም። እሱ ከምልክቱ የዶፕለር ለውጥ (በእንቅስቃሴ ምክንያት ከሚመጣ የድግግሞሽ ለውጥ) የሚሰላ ስለሆነ ከቦታው ይልቅ የተረጋጋ ነው።

ሚሊአምፔር
የኃይሉን ስሌት እስካሁን ማንም አልነካውም፣ ወሳኙ ግን እሱ ነው።

አማካይ ፍጆታ ማለት ንቁ ሆኖ የሚስበው በንቃት ጊዜ ተባዝቶ፣ ተኝቶ የሚስበው በእንቅልፍ ጊዜ ተባዝቶ፣ ድምሩ ለዑደቱ ሲካፈል ነው። ለምሳሌ ንቁ ሲሆን 150፣ ሲተኛ 8 ሚሊአምፔር ይስባል እንበል፤ ዑደቱም 300 ሰከንድ ይሁን። ነጥቡን በ20 ሰከንድ ካገኘ፦ 150 በ20 ሲባዛ 3000፣ 8 በ280 ሲባዛ 2240፣ ድምሩ ለ300 ሲካፈል 17.5 ሚሊአምፔር። ኤፌመሪሱ አርጅቶ 45 ሰከንድ ከፈጀ ግን 6750 ሲደመር 2040፣ ለ300 ሲካፈል 29.3። ሌላ ምንም ሳይለወጥ ፍጆታው በሁለት ሦስተኛ ገደማ ጨመረ። ባለ_አንቴና ያለው የኤፌመሪስ እድሳት ከፍጥነት ባለፈ ባትሪም ያድናል የምለው ለዚህ ነው። የስልክህን ሁለት ቁጥሮች ለክተህ እዚህ ቀመር ውስጥ አስገባቸው።

ሁለተኛው በላተኛ ሞደሙ (የሞባይል ኔትዎርክ ሬዲዮው) ነው። አንድ ትንሽ መልእክት ከላክህ በኋላ ሬዲዮው ወዲያው አይተኛም፤ ኔትዎርኩ ግንኙነቱን እስኪለቅ ብዙውን ጊዜ 10 ሰከንድ ገደማ ነቅቶ ይቆያል። በየ30 ሰከንዱ ነጥብ እየላክህ ከሆነ ሞደምህ ከጊዜው ሲሶውን ነቅቷል። ነጥቦቹን ስልኩ ላይ አከማችተህ በየ10 ደቂቃው 20ውን በአንድ ጊዜ ላክ። የቦታ ጥያቄውም ላይ የማዘግየት ጣሪያ አለ፤ ቢያንስ የዑደቱን እጥፍ ካደረግኸው ሃርድዌሩ በሚደግፍበት ስልክ ነጥቦቹ ተጠራቅመው ይመጣሉ፣ ፕሮሰሰሩም በየነጥቡ አይነቃም።

ቅድሚያውንም በሁኔታው ቀያይር። መኪናው ሲሄድ ከፍተኛ ትክክለኛነት፤ ሲቆም ደግሞ 100 ሜትር ገደማ የሚሰጠው ሚዛናዊው ይበቃል፣ ከዋይፋይና ከሴል ማማ ስለሚወስድ መቀበያውን በአብዛኛው አያበራም። ጥልቁ ዶዝ ውስጥ የዋይፋይ ፍተሻ ስለሌለ ግን የሚያገኘው ነጥብ የቆየ ሊሆን ይችላል፤ ዕድሜውን እያየህ ተቀበል።

የካርታ_ልጅ
የባትሪ ቆጣቢ ሁነታን ከዶዝ ጋር አታምታቱት። እሱን የሚያበራው ተጠቃሚው ወይም የባትሪው መቶኛ ነው። ከአንድሮይድ 9 ጀምሮ ሁነታው ቦታን እንዴት እንደሚነካ ሲስተሙን መጠየቅ ይቻላል፤ መልሱ ቁጥር ነው። 0 ለውጥ የለም፤ 1 ስክሪን ሲጠፋ ጂፒኤስ ይጠፋል፤ 2 ስክሪን ሲጠፋ ሁሉም የቦታ ምንጭ ይጠፋል፤ 3 ፊት ለፊት ላለ መተግበሪያ ብቻ፤ ከአንድሮይድ 10 ጀምሮ የተጨመረው 4 ስክሪን ሲጠፋ ጥያቄዎችን ያቀዘቅዛል። 1 ወይም 2 ሲሆን ፎርግራውንድ ሰርቪስም አያድንህም፤ ለሹፌሩ በግልጽ ማሳወቂያ አሳየው፣ ቁጥሩንም ከነጥቡ ጋር መዝግበው።

ሰማያዊ_ነጥብ
ለአይፎን አንባቢዎች በአጭሩ፦ ቦታ መለካትን በራሱ የሚያቆመው ባሕርይ በነባሪ ክፍት ነው። ሲስተሙ መኪናው ቆመ ብሎ ካቆመው በኋላ ራሱ መልሶ ይጀምራል ብላችሁ አትተማመኑ። ወይ ዝጉት፣ ወይም ሲቆም በዙሪያው ክልል አስመዝግቡ፤ ለአንድ መተግበሪያ 20 ክልል ነው የሚፈቀደው። ትልቅ ለውጥን ብቻ የሚያሳውቀው አገልግሎት 500 ሜትር ገደማ ሲኬድ የሚነቃና በ5 ደቂቃ ከአንዴ በላይ የማይመጣ ነው፤ ለመቀስቀሻ ጥሩ፣ ለመንገድ መስመር ግን የማይሆን።

ሰንሰለት
ወደፊት ስልኩን በመከታተያ ሞጁል ለመተካት ካሰባችሁ፣ እንቅልፉ ከሲስተሙ ወደ ሞደሙ ይዛወራል። ሁለት ዓይነት አለ። የተራዘመው የማዳመጥ ዑደት ሞደሙ ጥሪ የሚያዳምጥበትን ጊዜ ያራርቃል፤ ለአነስተኛ መሣሪያዎች ከተሠሩት የሞባይል ኔትዎርክ ዓይነቶች በኤልቲኢ ኤም እስከ 44 ደቂቃ ገደማ፣ በኤንቢ አይኦቲ እስከ 2.9 ሰዓት ገደማ። ሌላው የኃይል ቁጠባ ሁነታ ነው፤ መሣሪያው እንደተመዘገበ ይቆያል፣ ግን ራሱ እስኪነቃ ድረስ ኔትዎርኩ ሊያገኘው አይችልም። ቦታውን ከሰርቨር «አሁን የት ነህ» ብላችሁ የምትጠይቁ ከሆነ ሁለተኛው አይሆንም፤ መሣሪያው ነቅቶ እስኪዘግብ መጠበቅ ግድ ነው።

ከማማዎች ምልክት ቦታ ለሚለካም ጥንቃቄ አለ። በኤልቲኢ የቦታ መለኪያው ምልክት በየ160፣ 320፣ 640 ወይም 1280 ሚሊሰከንድ ይመጣል። የመሣሪያው መንቂያ ከዚህ ጋር ካልገጠመ ለአንድ ልኬት ሁለቴ ይነቃል። ማማዎቹን በተለያየ ዑደት ከለካ ደግሞ በሰከንድ 20 ሜትር የሚሄድ መኪና በ1.28 ሰከንድ ውስጥ 25.6 ሜትር ተጉዟል፤ ልዩነቶቹን እንደ አንድ ቅጽበት ልኬት ካሰላችኋቸው ስሕተቱ ቀጥታ ወደ ቦታው ይገባል። እያንዳንዱ ልኬት የራሱ ጊዜ ይኑረው።

ሰዓቱም ይንሸራተታል። በሚሊዮን 20 የሚዛነፍ የእንቅልፍ ሰዓት በአንድ ሰዓት ውስጥ 72 ሚሊሰከንድ ይስታል። ከሳተላይት ያለው ርቀት በሰከንድ እስከ 800 ሜትር ሊለወጥ ስለሚችል፣ ያ ስሕተት ሳይታረም ቢቀር 58 ሜትር ገደማ ያመጣል። የጊዜውን ስሕተት፣ ከሦስቱ የቦታ ቁጥሮችና ከመቀበያው ሰዓት መዛነፍ ቀጥሎ፣ እንደ አምስተኛ ያልታወቀ አድርጎ ማስላት ይቻላል፤ ያኔ ግን ከአራት ይልቅ አምስት ሳተላይት ያስፈልጋል።

ማይል_ቆጣሪው
ሁሉም ግልጽ ነው። ሁለት ነገር ቀርቶኛል። ዶዝን ሌሊት ሳልጠብቅ እንዴት ልሞክር? በየ30 ሰከንዱ ጉዞ ላይስ መቀበያውን እያጠፉ ማብራት ያዋጣል?

ጥልቅ_እንቅልፍ
ለሙከራው፦ በኬብል ከኮምፒውተር ጋር ሲገናኝ ስልኩ ቻርጅ ላይ ነኝ ስለሚል ዶዝ አይገባም። በኤዲቢ (ስልኩን ከኮምፒውተር በትእዛዝ የሚያሠራው መሣሪያ) መጀመሪያ «ዳምፕሲስ ባትሪ አንፕለግ» በል፣ ስክሪኑን አጥፋ፣ ከዚያ «ዳምፕሲስ ዲቫይስአይድል ፎርስ-አይድል»። ሎጉ 15 ደቂቃ ተራምዶ ነጥቡ መምጣቱን አይተህ «ዳምፕሲስ ዲቫይስአይድል አንፎርስ» እና «ዳምፕሲስ ባትሪ ሪሴት» በል። የመጨረሻውን ከረሳህ ስልኩ ቻርጅ ላይ ሆኖም አልተሰካሁም እያለ ይቀጥላል። ፍጆታ ስትለካ ግን ኬብሉን በእርግጥ ንቀለው፤ ኬብሉ የሚሰጠው ኃይል ቁጥሩን ያበላሸዋል።

ባለ_አንቴና
በ30 ሰከንድ ላይ ማጥፋቱ የሚያዋጣው ሰማዩ ክፍት ሆኖ ነጥቡ በ2 ወይም 3 ሰከንድ ሲመለስ ነው። በሕንፃዎች መካከል መቀበያው እንደገና ለመያዝ 10 ሰከንድና ከዚያ በላይ ይፈጅበታል፣ የመጀመሪያው ነጥብም ከተረጋጋው ይከፋል። ስለዚህ ሎግህ ላይ ከጥያቄ እስከ ነጥብ ያለውን መካከለኛ ጊዜ እይ፦ ከ5 ሰከንድ በታች ከሆነ ሲስተሙ እንዳሻው ያጥፋው፤ ከ10 በላይ ከሆነ ጥያቄውን በየ1 ሰከንዱ አድርገህ ክፍት ተወውና ከ30ው አንዱን ብቻ አስቀምጥ። በ5 እና በ10 መካከል ከሆነ በሚሊአምፔር ቀመር ሁለቱንም አስላቸው። የጉዞው ሰዓት ከቀኑ ትንሹ ክፍል ከሆነ ልዩነቱ ከ33ቱ ሚሊአምፔር ውስጥ ብዙ አይበላም፤ መኪናው የሚቆምበት ሰዓት ላይ የምታድነው ይበልጣል።